ደብረ ሲናን በመስኮት ለሚያውቋት

የት ነው አገርሽ ተብዬ «ደብረ ሲና» ስል የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «አውቃታለሁ! ቆሎ ገዝቼባታለሁ።» አዳማ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት፣ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ፣ ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም ሳይቀር እንዲሁ ብለውኛል። ሁሉም ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ሲያልፉ አውቶብሱ ቆሞላቸው፣ በመስኮት ብር አቀብለው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ተቀብለው የሄዱ ናቸው። ደብረ ሲና ለእነርሱ የሩብ ሰዓት ከተማ ናት። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ በታች ጣሳ ታቅፈው ከሚሯሯጡት ልጆች አንዷ ነበርኩ።

ስለ ትውልድ ቀዬ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያሰለቸኛል። ንጹሕ አየር፣ የዋህ ሕዝብ፣ ሳይቆለፍ የሚያድር በር። የደብረ ሲና አየር ንጹሕ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤት ውስጥ ይገባል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል፤ መንገድ ላይ የሚጠራሽ ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም። ሕዝቡም የዋህ አይደለም። አገር አቋራጭ መንገድ በመሀሏ ሰንጥቋት የሚያልፍ ከተማ ነጋዴ እንጂ የዋህ አታሳድግም። የእኛም በር ይቆለፍ ነበር፤ ያውም በሁለት ጓጉንቸር። ከወጣሁ በኋላ ከተማዬን ያስወደደኝ ሌላ ነገር ነው፤ እህል። እዚያ ሳለሁ እህል ማወቅ ሙያ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ የሚችለው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እስከ ደብረ ብርሃንና ከዚያም አልፎ አገሩ ደጋ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ፣ የበግ መንጋ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። ቀጥሎ ጣርማ በር ይመጣል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩት፣ 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። መኪናው መብራቱን አብርቶ ይገባል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ጣሪያው ይንጠባጠባል። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ሜዳው የለም። የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ጫፍ ላይ ተደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ደብረ ሲናን ያገኛል፤ እንደገና በአርማኒያ በኩል ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ደብረ ሲና በመካከል ተቀምጣ ደጋውንም ቆላውንም በጉርብትና ትኖራለች።

የገበያ ቀን ያ ሁሉ ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ከላይ፣ ከመዘዞ በኩል፣ ገብስና ባቄላ፣ ድንች፣ የበግ ጠጉር በአህያ ተጭኖ ይወርዳል። ከታች፣ ከቀወት በኩል፣ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሎሚ፣ ፓፓያ ይወጣል። አማርኛው እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የደጋው ሰው ዝግ ብሎ፣ የቆላው ፈጠን ብሎ ይናገራል፤ እኛ የከተማዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ለማታለል ስንል ሁለቱንም እንችል ነበር። እናቴ እህል ተራ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዋጋ አልነበረም። «ከየት ነው?» ትላለች። ሻጩ የቀበሌውን ስም ሲነግራት አይበቃትም፤ «ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?» ትለዋለች። «የበልግ ነው የመኸር?» የምትለው ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት። ዋጋ አራተኛ ነው።

ያኔ ይህ ሁሉ ነገር ለማስረዘም የሚደረግ ይመስለኝ ነበር፤ ብርድ ላይ ቆሞ መጠበቁ የእኔ ነበራ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእኛ በኩል ደጋው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። የመኸሩ ገብስ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ደረቅ ፀሐይ አናቱን እየመታው ይታጨዳል። የበልጉ ግን የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ፣ ክረምቱ ከደጅ ቆሞ ነው፤ እንደ ልብ አይደርቅም፤ ጎተራ ውስጥም ይጎመዝዛል። ሁለቱ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመልክ አይለያዩም። እናቴ እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ታስገባለች፤ ምክንያቱም ጥሩውን ከላይ፣ ሌላውን ከሥር ማድረግ ያልለመደ ሻጭ የለም። ከሥር ያወጣችውን ፍሬ በጥርሷ ትሰብረዋለች። ቀጭ ብሎ ለሁለት ካለ ደርቋል፤ ከተደፈጠጠ ውኃ አለው። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ዘግና ታሸታለች። ስትጨርስ ፊቷ ምንም አይናገርም፤ እርሱም የሥራው ክፍል ነው።

ቆሎውን በተመለከተ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ በመስኮት የሚገዛው ሰው ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችላል። ገብስ ሁሉ ቆሎ አይሆንም። ሰነፍ ቆሎ የሚባል ዘር አለ፤ ልጡን ሳያስቸግር የሚለቅ። ገብሱ ውኃ ይርከፈከፍበትና ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ዘነዘናው ልጡን መግፈፍ እንጂ ፍሬውን መስበር የለበትም፤ ስለዚህ ለሽክሸካ የሚመረጠው የልጅ ክንድ ነው። ጠንካራ ሰው ያበላሸዋል። እኔና ወንድሜ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምናገኘው ጨዋታ ይህ ነበር። የተሸከሸከው በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጉሙ ፀሐይ ከከለከለ ምድጃው አጠገብ ይሰጣል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ የሚረገጥበት ቦታ ያጣል።

መቁላቱ የእናቴ ብቻ ነበር። ምጣዱ ከመጠን በላይ ከጋለ ውጭው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ እሳቱ ከሰነፈ ደግሞ ቆሎው ጥርስ ሰባሪ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ፣ ማመሻው እጇ ላይ ሳያርፍ፣ ጢሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ታምሰዋለች። መድረሱን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። እርጥብ እህል ምጣድ ላይ ድምፁ ይደነዝዛል፤ ውኃው እያለቀ ሲሄድ ይቀጥናል፤ መጨረሻ ላይ ይንሿሿል። አንዳንድ ቀን ሌላ ክፍል ተቀምጣ «አውጪው!» ብላ ትጮኽብኝ ነበር፤ ምጣዱን ሳታየው። ሽምብራው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው ለየብቻቸው ይቆላሉ፤ የሚደባለቁት ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ምጣድ ላይ የሚያፈስ ሰው ካያችሁ አትግዙት።

ሽያጩም ትምህርት አለው። ወደ መጀመሪያው መስኮት መሮጥ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ከፊት የተቀመጠ መንገደኛ ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይዟል። ከኋላ ወንበር ላይ ያለው መንገዱ አንገላቶታል፤ አፉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ይገዛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶብስ ብርድ ላይ ስለ ቆየ ትኩስ ቆሎ ይወዳል። ከቆላ የሚወጣው ግን ውኃ ነው የሚጠይቀው፤ ቆሎውን እያየ «ሎሚ የለሽም?» ይላል። ወታደር አይከራከርም። ተማሪ ይከራከርና መጨረሻ ላይ ከጓደኛው ተበድሮ ይገዛል። መስፈሪያችን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር፤ ታቹ የወፈረ ብርጭቆ የሚይዙም ነበሩ፤ እናቴ እነርሱን ከሌባ አትለይም። ምርቃት በእፍኝ ይጨመራል፤ የልጅ እፍኝ ትንሽ ስለሆነች ቆሎ እንድሸጥ የተላክሁት በዚያ ምክንያት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ቆሎውን ተቀብሎ ብሩን ሳይሰጥ መኪናው የሚነሣበትም ጊዜ ነበር። የእነዚያን መኪናዎች ታርጋ እይዛለሁ። መኪናው ሲመለስ ረዳቱ ዘንድ ሄጄ ቁጥሩንና ቀኑን ስነግረው ከኪሱ የከፈለኝ አለ፤ የሳቀብኝም አለ። ዕድሜ ለእነርሱ፣ ቁጥር የመያዝ ልማድ አተረፍኩ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ተማርኩ፤ ከዚያ ሥራ ፍለጋ አዳማ ወረድኩ። አሁን የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስንዴ የጫነ መኪና በር ላይ ሲቆም ባለ ቀዳዳ የብረት ዘንግ ጆንያው ውስጥ እሰካለሁ፤ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከሥር ናሙና አወጣለሁ። መሣሪያው ውስጥ አፍስሼ እርጥበቱን አነባለሁ። ከ13 በመቶ በላይ ሲሆን ስንዴው መጋዘን ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይወርሰዋል፤ ስለዚህ ይመለሳል ወይም ዋጋው ይቀንሳል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያሠለጠነን ሰው ናሙና ከላይ ብቻ የማይወሰድበትን ምክንያት በሰሌዳ ላይ በሥዕል አስረዳን። አጠገቤ የነበረው ልጅ በጥንቃቄ ይጽፋል። ብልህ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ነገር ግን ስንዴና ገብስ ከነገለባቸው ቢቀርቡለት አይለያቸውም። ምን ያድርግ? ያደገበት ሰፈር እህል የሚመጣው ዱቄት ሆኖ ነው። እኔ ማስታወሻ ሳልጽፍ ተቀመጥኩ። በሰሌዳው ላይ የተሳለው የእናቴ ክንድ ነበር።

ደብረ ሲናን በናፍቆት ሳይሆን በአክብሮት ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የማውቃቸው የእህል ተራ ሴቶች ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠሩትም ጭምር፣ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝን ሥራ በየገበያው ቀን በነፃ ይሠሩ ነበር። ከዚያም በላይ ይሠሩ ነበር፤ የእኔ መሣሪያ እህሉ የበልግ ይሁን የመኸር፣ ከወንዝ ወዲህ ይሁን ወዲያ አይነግረኝም። በሱፐር ማርኬት መደርደሪያ ላይ «የደብረ ሲና ቆሎ» ተብሎ በላስቲክ የታሸገ ነገር አይቻለሁ። ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም አለው፤ ዘይት ነክቶታል፤ ጨውም በዝቶበታል። ደብረ ሲናን ቢያውቃት እንኳ በመስኮት ነው።

እናቴ አንድ ጊዜ አዳማ መጥታለች። እኔና ወንድሜ ከእንግዲህ እዚሁ ትቅር ብለን ተማክረን ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገቱም ይከብዳታል። ከአውቶብስ ስትወርድ ነጠላዋን እያራገበች «እዚህ አገር ጥላው ራሱ ይፋጃል» አለች፤ ሐሳባችን ያኔ እንደከሸፈ ማወቅ ነበረብን። በማግስቱ ገበያ ይዣት ወጣሁ። አንድ እህል ሻጭ ሱቅ ገባች፤ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከተተች፤ «ከየት ነው?» አለችው። ልጁ ግራ ተጋባ። «ከመጋዘን ነው፣ እማማ» አላት።

እስከ ዛሬ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ትተርካለች። የሳቁት ቁጥር ስፍር የለውም። ከመጋዘን!

ፋብሪካውንም አሳየኋት። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር አመጣላት። መለኪያውን አውጥቼ ስንዴ ጨምሬ ቁጥሩን አሳየኋት። እርሷም ከዚያው ናሙና አንድ ፍሬ ወስዳ በጥርሷ ሰበረች። «ደርቋል፤ ልክ ነው» አለች። ቀጥላ አሸተተችው። ፊቷ ትንሽ ኮሰተረ። «መሣሪያው ሽታ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። ዋጋውን ጠየቀች። ስነግራት በልቧ ወደ በግ መንዝራው ነው መሰለኝ ዝም አለች፤ ከዚያ «እንግዲያው ግማሹን ነው የገዛችሁት» አለች። ጥበቃው ሳቀ፤ እኔ ግን ናሙናውን እንደገና አሸተትኩት። የቆየ ጆንያ ሽታ ነበረው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳላሸት ወረቀት አልፈርምም፤ አለቃዬ ልማዴን ታውቃለች፤ ቅጹ ላይ ግን ለሽታ የተሰጠ ሳጥን እስከ አሁን የለም።

ሳምንት ሳይሞላት ተመለሰች። ምክንያቷ ሙቀቱ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ ፈትታ መቀመጡ ነው ያባረራት እላለሁ።

የምትመለስበት ቦታ ደግሞ የተደላደለ አይደለም። ተዳፋት ነው፤ ምንጩ ብዙ፣ አፈሩ ልል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ይዛባ በሚባለው አካባቢ መሬቱ ራሱ ተነቅሎ ተንሸራተተ፤ ብዙ ቤተሰብ ቤቱንም ማሳውንም አጣ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ በዚያው እኛ ቆሎ በምንሸጥበት መንገድ ሽቅብ መጥቶ ደብረ ሲና ገባ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸች። ስትመለስ ሙቀጫውና ምጣዱ ነበሩ፤ ጆንያዎቹ አልነበሩም። ስለ ጆንያዎቹ ብዙ አልተናገረችም፤ ከእነርሱ ውስጥ አንዱ ለዘር ያስቀመጠችው ሰነፍ ቆሎ ስለነበር ግን ያንን ለብቻው ታነሣዋለች። ከመዘዞ በኩል ያለ አንድ ዘመዳችን ለዘር የሚሆን አበደራት። ከዚያም ወዲህ መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አውቶብስ በማይቆምባቸው ቀናት ቆሎ ሻጮቹ እርስ በርስ ቡና ይጠጣሉ፤ ዋጋ የሚጠይቅ የለም፤ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እኔ በዚያ ከተማ ጸጥታ የሚባል ነገር አልወድም።

ለበዓል ስሄድ የምሠራው ብዙ የለኝም። አንድ ጊዜ የፋብሪካ ጓደኞቼን ይዤ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወጣን። ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን እያዩ ተደነቁ፤ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሲያገኙማ ስልካቸው እስኪሞቅ ፎቶ አነሡ። አብሮን የነበረው የአካባቢው ገበሬ በትዕግሥት ቆሞ ጠበቃቸው። እርሱ የሚያየው ሌላ ነበር፤ መንጋው ወደ የትኛው የገብስ ማሳ እንደሚያመራ። ፎቶው ሳያልቅ ድንጋይ አነሣ። ጓደኞቼ አዘኑበት፤ እኔ ከእርሱ ጋር ነበርኩ።

መንገድ ክፍት ሲሆን እናቴ ቆሎ በሾፌር ትልክልኛለች። በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልታ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋ፣ የአጎቴን ልጅ ስልክ ቁጥር ትጽፍበታለች። ሾፌሩ ላምበረት መናኸሪያ ለአጎቴ ልጅ ያስረክባል፤ እርሱ ወደ አዳማ ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። ደረሰኝ የለም፤ ለሾፌሩ የሚከፈለውም አንድ ጥቅል ቆሎ ብቻ ነው። አንድም ጊዜ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ በመንገድ ትንሽ ጎድሎ ደርሶ ያውቃል፤ ማን እንደበላው አውቃለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ነው። ፋብሪካ ይዤው ስሄድ እኩለ ቀን ሳይሆን ያልቃል። አለቃዬ መለኪያው ውስጥ ጨምራ እርጥበቱን አየች፤ መሣሪያው ለስንዴ እንጂ ለቆሎ ስላልተሠራ ያወጣው ቁጥር ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ቢሆንም መዝገብ ላይ ጻፈችው።

ጣሳዎቹ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተከማችተዋል። እናቴ ቁጥራቸውን ታውቃለች። ስልክ ባወራን ቁጥር፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ማን እንዳገባና ማን እንደሞተ ነግራኝ ስታበቃ፣ ወደ ጣሳዎቹ ትመጣለች። «መቼ ነው የምትልኪልኝ? ባዶውን ደግሞ እንዳትልኪ፣ ነውር ነው፤ ስኳር ሙዪበት። ወንጂ ደጅሽ አይደለም እንዴ?» ወንጂ ቅርብ መሆኑ ለአዳማ ሰው ስኳር እንደማያረክስለት ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ።